ወፍ ለማየት ኬፕ ሜይ ስትሄዱ ቀኑን ነፋሱ ይምረጥላችሁ

ይህን የምጽፈው ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ላላችሁ ነው። ፊላደልፊያ ያላችሁማ ደጃችሁ ነው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው እያላችሁ ከሞል ሌላ መላ ለጠፋችሁ፣ በመጸው ወራት የአትላንቲክን ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጎርፈውን ወፍ ሄዶ ማየት የሚባል ነገር አለ። መግቢያ አይከፈልም። ከዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። እኔ በየዓመቱ እመላለሳለሁ። የሰማ ሁሉ እየደወለ "እንዴት ነው፣ መቼ ነው፣ ምን ይዘን እንሂድ?" ይለኛል። ስለዚህ የማውቀውን እዚሁ ልዘርግፈው።

ቦታው ኬፕ ሜይ ይባላል። የኒው ጀርሲ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ካርታ ላይ እዩት። በአንድ ወገን ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን የዴላዌር ባሕረ ሰላጤ፣ መሐል ላይ እየጠበበ ሄዶ ሹል ሆኖ የሚያልቅ መሬት ነው። ምስጢሩ ቅርጹ ላይ ነው። ከካናዳና ከኒው ኢንግላንድ የሚመጣው የየብስ ወፍ ነፋሱ እየገፋ ባሕር ዳር ያደርሰዋል። ውቅያኖሱን አይደፍርም፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን ይዞ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ በመጨረሻ መሬቱ ያልቅበታል። ፊቱ የተደቀነው የባሕረ ሰላጤው አፍ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ውኃ ነው። እዚህ ጋ ያመነታል። ዞር ዞር ይላል፣ ይበላል፣ ያርፋል፣ ሌላ ቀን ይጠብቃል። ሰውም እሱን ለማየት እዚያው ተሰብስቦ ይጠብቃል።

የባሕር ወፉ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። እሱ ውኃ አይፈራም፤ ቤቱ ነው። ግን ወደ ደቡብ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ የብሱን በዓይኑ እየያዘ ነው የሚሄደው። ከኬፕ ሜይ በስተሰሜን የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ አቫሎን የምትባል ከተማ አለች። ከጎረቤቶቿ አንድ ማይል ያህል ወደ ባሕሩ ገፍታ የወጣች ናት። ተሰልፎ የሚወርደው ወፍ በአፍንጫዋ ሥር ከማለፍ ሌላ ምርጫ የለውም። እዚያች ከተማ፣ ሰባተኛ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 22 እስከ ዲሴምበር 22 ድረስ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ተቀምጦ የሚቆጥር ባለሙያ አለ። ቆጠራው ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። በአንድ መጸው ብቻ የሚያልፈው በመቶ ሺዎች ነው፣ ጥሩ ዓመት ሲሆን ወደ ሚሊዮን ይጠጋል። ሚሊዮን! እኛ ደግሞ እዚያው አጠገብ ለበጋ ዋና እየሄድን፣ ሌበር ደይ ሲያልፍ ዣንጥላችንን አጣጥፈን እንመለሳለን። ትልቁ ነገር የሚጀምረው እኛ ከወጣን በኋላ ነው።

የወፍ ቀጠሮ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም መቼም። የመስቀል ወፍን እያየን ያደግን ሰዎች ነን። እሱ ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ክረምቱን ሁሉ እዚያው አጠገባችን ነው የከረመው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ወንዱ ላባውን ቀይሮ አምሮበት ብቅ ስለሚል ነው አዲስ የሚመስለን። ከሩቅ የሚመጣው በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በኦክቶበርና በኖቬምበር ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚነሱ ንስሮችና ጭላቶች የመን ላይ ይሰበሰባሉ፣ ጠባቧን መተላለፊያ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ፣ ከዚያ ወደ እኛ ምድር ይገባሉ። ምክንያቱ ከኬፕ ሜይ ጋር አንድ ነው። ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ ሳይደክም የሚንሳፈፈው ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ላይ ነው፤ ባሕር ላይ ያ አየር የለም፤ ስለዚህ ውኃው ጠበብ የሚልበትን ይፈልጋል።

የመስቀል ወፍ ቀኑን ያከብራል። የኬፕ ሜይ ወፍ ግን ቀን አያውቅም። የሚያውቀው ነፋስ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ። ሆቴል ከወር በፊት ይዛችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደርሳችሁ፣ ነፋሱ ከደቡብ እየነፈሰ ከሆነ ባዶ ሰማይና ባዶ ባሕር ነው የሚጠብቃችሁ። ሰኞ፣ እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ፣ ነፋሱ ይዞርና ወፉ እንደ ጉድ ያልፋል። ስለዚህ ጉዞውን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአየር ትንበያ ነው ማቀድ። እኔ ሁለት ሦስት ቅዳሜዎችን ባዶ አድርጌ እይዛለሁ፤ ረቡዕ ማታ ትንበያውን አይና ከሦስቱ አንዱን እመርጣለሁ።

ምን ልታዩ ነው ትንበያው ላይ? ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ገብቶ፣ ዝናቡ ዘንቦ ካለፈ በኋላ፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲነሳ፣ ያ ቀን የጭልፊት ቀን ነው። ኬፕ ሜይ ጫፍ ላይ፣ ለመርከቦች መብራት ከሚያሳየው ፋኖስ ማማ አጠገብ ትቆማላችሁ። ለባሕር ወፍ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ ከኋላው ስለሚገፋው። ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ሲሆን ግን ወደ ዳር እየገፋ ያመጣላችኋል፤ ከአድማስ ላይ ነጥብ ሆኖ የሚያልፈው ሁሉ ዓይናችሁ ሥር ይገባል። ደመና ካለበት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። አቫሎን ላይ ጠዋት ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ነው የምትቆሙት፤ ጥርት ባለ ቀን ውኃው ያንጸባርቅና ወፉ ሁሉ ጥቁር ይሆንባችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ "የሰሜን ነፋስ" ማለት ከሰሜን የሚመጣ ማለት ነው። አንዳንድ የስልክ አፕ ላይ ያለው ቀስት ግን የሚያሳየው ነፋሱ የሚሄድበትን ነው። ጽሑፉን አንብቡ እንጂ ቀስቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትሸወዱ።

በርድካስት የሚባል ድረ ገጽም አለ። ወፎች ሌሊት ሲበሩ የአየር ሁኔታ ራዳር ላይ ይታያሉ፤ እሱን ተጠቅሞ ዛሬ ማታ ምን ያህል ወፍ ሊነሳ እንደሚችል ይተነብያል። እሱ የሚረዳው በተለይ ለትንንሾቹ የየብስ ወፎች ነው፣ ግን የአጠቃላዩን ሞቅታ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ባሕሩ። አቫሎን ደርሳችሁ ባሕሩን ስታዩ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። እውነቴን ነው። ውኃ፣ ማዕበል፣ ገል የሚባሉ ጥቂት የባሕር ወፎች። አጠገባችሁ የቆመው ሰውዬ ግን በቴሌስኮፑ እያየ "ሃምሳ፣ ስድሳ፣ መቶ..." ይላል። ምን እያየ ነው ትላላችሁ። ዘዴው ይሄ ነው። ሰማዩን ተዉት። አድማሱን፣ ውኃና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር ያዙ። ባይኖኩላራችሁን እዚያ ላይ አድርጉና አታንቀሳቅሱት፤ ወፉ ራሱ ይመጣላችኋል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ትንሽ ስትቆዩ ቀጭን ጥቁር ክር ውኃው ላይ ስትሮጥ ታያላችሁ። ክሯ ትረዝማለች፣ ታጥራለች፣ ከማዕበሉ ኋላ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ስኮተር ናት። ስኮተር ጥቁር የባሕር ዳክዬ ነው፤ ሦስት ዓይነት አለው። በጋውን ሰሜን ካናዳና አላስካ ሐይቆች ላይ ወልዶ፣ ክረምቱን ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ሲለቅም ይከርማል። በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ጥሩ ነፋስ ካገኛችሁ አንዱ ሰልፍ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል፣ እየቆጠራችሁ ትደክማላችሁ።

ጀማሪውን የሚያስፈራው "እኔ ወፍ አላውቅም" የሚለው ነገር ነው። እርሱት። ባሕር ላይ ማንም ቀለም አይቶ አይለይም፤ ሩቅ ነው። የሚለዩት በአበራረር ነው፣ ያ ደግሞ ለሁሉም ሰው እኩል ይታያል። ጓደኛችሁን ከሩቅ በአረማመዱ አትለዩትም? እንደዚያ ነው። ስኮተር ክንፉን ያለ እረፍት እያራገበ፣ ውኃውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚሄደው። ኮርሞራንት የሚባለው ጥቁር ዓሣ በል ወፍ ከፍ ብሎ ይበራል፤ ሰልፉ የተዝረከረከ ነው፣ መሪውን የሚሰማ የለም፣ በየመሐሉ ክንፉን ዘርግቶ ትንሽ ይንሳፈፋል። ሉን የሚባለው ጠላቂ ወፍ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ጎበጥ ያለ፣ እግሩ ከኋላው የሚንጠለጠል፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ቀጠሮ ያረፈደ የሚመስል። ፔሊካን በተራ በተራ ሆኖ የማዕበሉን ጀርባ ታክኮ ሳያራግብ ይንሸራተታል። ጄገር የሚባለው ደግሞ ሌባ ነው። ራሱ ከማደን ይልቅ ዓሣ የያዘ ተርን የሚባል ቀጠን ያለ የባሕር ወፍ ያገኝና ይከተለዋል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ መዞር፣ መገልበጥ፤ ተርኑ ታክቶት ዓሣውን ሲጥል ጄገሩ አየር ላይ ይቀልበዋል። ልጆች ከሁሉም በላይ የሚወዱት ይሄንን ሌባ ነው።

ደግሞ አንድ የሚያጽናና ነገር። ቆጣሪዎቹ ራሳቸው ሁሉን አያውቁትም። ሁለቱ ዓይነት ስኮተሮች፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ የሌላቸው፣ ከሩቅ አንድ ናቸው። ባለሙያው "ክንፈ ጥቁር ስኮተር፣ ዓይነቱ ያልተለየ" ብሎ መዝግቦ ያልፋል። ለዚያ የተዘጋጀ ቦታ አላቸው። እሱ ካልለየው እናንተ ባትለዩት ምን ነውር አለው?

ስለ ጋኔት ግን ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ይህን መንገድ ያስለመደኝ እሱ ነው። ጋኔት ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ሜትር ይደርሳል፣ ጫፉ በጥቁር ቀለም የተነከረ ይመስላል። ከፊትም ከኋላም ሹል ነው። የሚራባው ኩቤክና ኒውፋውንድላንድ ገደሎች ላይ ነው፣ በኖቬምበር ወደዚህ ይወርዳል። ዓሣ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ከፍ ብሎ እየሄደ በድንገት ቆም ይላል። አንገቱን ወደ ታች ያዞራል። አንዱን ክንፍ ያጥፍና ይገለበጣል፣ ከዚያ መውረድ ነው። ሲወርድ አቅጣጫውን በትንሽ በትንሹ እያረመ ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ ውኃውን ሊመታ ሲል፣ ሁለቱንም ክንፍ ወደ ኋላ ይልካቸዋል፤ ወፍነቱ ይቀርና ጦር ይሆናል። ነጭ ውኃ ወደ ላይ ይፈነጠራል። እስከ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ይወረወራል፣ ውኃውን ሲመታ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንዴት አንገቱ አይሰበርም? ፊቱና ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር አየር የያዙ ከረጢቶች አሉት፣ ምቱን ያበርዱለታል። የአፍንጫ ቀዳዳውም ወደ ውጭ ክፍት አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ቡሽ ይመስል ብቅ ይላል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ደግሞ ይነሳል። መቶ የሚሆኑ ጋኔቶች አንድ የዓሣ መንጋ ላይ ሲወርዱ ካያችሁ፣ ብርዱን ትረሱታላችሁ።

ሁሉም ነጭ አይደሉም። ቡናማው ልጅ ነው፣ ዝንጉርጉሩ ጎረምሳ ነው፤ ሙሉ ነጭ ለመሆን አራት አምስት ዓመት ይፈጅባቸዋል። በ2022 የወፍ ጉንፋን ገብቶባቸው በካናዳም በስኮትላንድም ብዙ አልቀዋል። ከበሽታው የተረፉት የአንዳንዶቹ ሰማያዊ ዓይን ወደ ጥቁር ተቀይሯል። ስለዚህ ባሕር ዳር የሞተ ወይም የታመመ ወፍ ካያችሁ አትንኩ፣ ልጆቹንም ውሻውንም አርቁ።

አንድ ጊዜ አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ይዣቸው ሄድኩ። ጋቢያቸውን ከጃኬቱ ላይ ደርበው፣ ወንበር ላይ አስቀምጬያቸው፣ ሻይ ይዘው፣ ቆጣሪዋን ልጅ ትክ ብለው ያያሉ። ልጅቷ በሁለት እጇ ሁለት የመቁጠሪያ መሣሪያ ይዛ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች።

"ምን እያደረገች ነው ልጄ?"

"ወፍ እየቆጠረች ነው እማማ።"

"ደመወዝ ይከፍሏታል?"

"ይከፍሏታል።"

ዝም ብለው ቆዩና "እኛ አገር የሰው ቆጠራ እንኳ ስንቴ ተራዘመ!" አሉ። ለልጅቷ ስተረጉምላት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ እማማ ዋናውን ጥያቄ አመጡት፦ "ቆጥረው ምን ሊያደርጉት ነው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘዴ፣ ዓመት ሳይዘሉ ሲቆጥሩ፣ ማን እየበዛ ማን እየጠፋ እንደሆነ ይታወቃል። ኬፕ ሜይ ጫፍ ላይ ያለው የጭልፊት ቆጠራ ከ1976 ጀምሮ አለ። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ የወፎቹን የእንቁላል ቅርፊት እያሳሳ ዘር ሊያጠፋቸው ነበር። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ሲከለከል፣ ፔሪግሪን ጭልፊት፣ ዓሣ በሉ ኦስፕሬይና ራሰ ነጩ ንስር ቀስ በቀስ መመለሳቸው እዚህ መዝገብ ላይ ይታያል። ኬስትሬል የምትባለው ትንሿ ጭልፊት ደግሞ በተቃራኒው እየቀነሰች መጥታለች፤ ያም እዚያው ተጽፏል። ይህን ስነግራቸው እማማ "እንግዲህ ይቁጠሩ" ብለው ፈቀዱ።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ምክር ልስጥ። ቆጣሪውን ጠይቁ። እኛ ሐበሾች እናፍራለን፣ እንዳንረብሽ እያልን ዳር እንቆማለን። ሰዎቹ ግን የሚያወራቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነው የሚቆሙት። ሰልፉ ጋብ እስኪል ጠብቁና "ዛሬ ምን አለፈ?" በሉ። ከዚያ በኋላ ማስቆም ነው የሚያስቸግረው። ብዙ ጊዜ ቴሌስኮፑንም ለልጆች ዝቅ አድርገው ያሳያሉ።

በነገራችን ላይ፣ ጥቁር ሆኖ ባይኖኩላር ይዞ ሰው ሰፈር መቆም የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ይገባኛል። በ2020 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ክርስቲያን ኩፐር የተባለ ጥቁር ወፍ ተመልካች ላይ አንዲት ሴት ደውላ ፖሊስ የጠራችበትን ቪዲዮ ሁላችንም አይተነዋል። አቫሎን የሀብታም ሰፈር ነው፣ በመጸው ደግሞ ቤቶቹ ባዶ ናቸው። የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። የታወቁት መመልከቻ ቦታዎች ላይ እቆማለሁ፤ እዚያ ባይኖኩላር ያልያዘው ነው የሚገርመው። መነጽሬን ወደ ባሕሩ እንጂ ወደ ቤቶቹ አላዞርም። እኔ እስካሁን ክፉ ነገር አልገጠመኝም፣ ይልቅ ሰላምታው በዝቶ ወፉ የሚያመልጠኝ ጊዜ አለ።

ዕቃን በተመለከተ አትጨነቁ። 8 በ42 ባይኖኩላር ይበቃል። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። "10 የተሻለ ነው" ይሏችኋል፤ ባሕር ዳር ነፋሱ እጃችሁን ሲያወዛውዝ 10 እጥፉ ሥዕሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ለጀማሪ 8 ይሻላል። ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ ደህናውን ታገኛላችሁ። አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ያውሳሉ፣ ጠይቁ። ቴሌስኮፕ ለባሕር ወፍ በጣም ይረዳል፣ ግን ገና በመጀመሪያው ጉዞ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታፍስሱ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጣው መርሊን የሚባል ነጻ አፕ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ድምፅ ሰምቶ ወፉን ይነግራችኋል፤ ባሕር ላይ ግን ድምፅ ስለሌለ ሥዕሎቹን ነው የምትጠቀሙት።

ልብስ ላይ ግን አትቀልዱ። ብርዱ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። ኬፕ ሜይ ከተማው ውስጥ ሹራብ የሚበቃችሁ ቀን፣ አቫሎን ላይ ሁለት ሰዓት ሳትንቀሳቀሱ ስትቆሙ ትንቀጠቀጣላችሁ። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ካልሲ። የሚታጠፍ ወንበር። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው፤ እጅ አያቆሽሹም፣ የነቢያት ጾም ከገባም አያሳስቡም። ከወቅቱ ውጭ ብዙ ምግብ ቤት ስለሚዘጋ ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ላባ አትሰብስቡ። ልጆች የወደቀ ላባ ሲያዩ ያነሳሉ፣ ልማዳቸው ነው። ግን ከ1918 ጀምሮ ባለ ሕግ የአብዛኛውን የዱር ወፍ ላባ መያዝ እንኳ ክልክል ነው። ፎቶ አንስተው ይተዉት። ሂግቢ ቢች የሚባለው ቦታ ጫካ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታ ገላችሁን ፈትሹ። መዥገር አለ፣ መዥገሩ ደግሞ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

መቼ ትሂዱ? ልጅ ያላችሁ፣ ብርድ የማትወዱ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ሂዱ። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ፔሪግሪን ጭልፊት የሚበዛው ያኔ ነው፣ ሞናርክ የሚባሉት ብርቱካንማ ቢራቢሮዎችም ወደ ሜክሲኮ ሲጓዙ እዚያ ያርፋሉ። ባሕሩ ላይ ኮርሞራንትና ተርን ነው። ስኮተር ለማየት ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ። እኔ ግን የታንክስጊቪንግ ሰሞንን እመርጣለሁ። ረጅም ዕረፍት ስለሆነ ነፋሱን ለመምረጥ አራት ቀን አለኝ። ጋኔት አለ፣ ጉሮሮ ቀይ ሉን አለ፣ አቫሎን የባሕር መከላከያ ድንጋዮቹ ላይ ማዕበሉን እየሸሹ የሚለቅሙ ትንንሽ ወፎች አሉ። ሰው የለም። የሆቴል ዋጋ ወርዷል።

መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአይ 95 ወጥታችሁ በዴላዌር ሜሞሪያል ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። አቫሎን ለመግባት ከጋርደን ስቴት ፓርክዌይ በ13 መውጫ ትወጣላችሁ። ሁለተኛው በሜሪላንድ ቤይ ብሪጅ አድርጋችሁ ዴላዌር ሉዊስ ከተማ ሄዳችሁ ከነመኪናችሁ ጀልባ ላይ መውጣት ነው። ጀልባው ከ1964 ጀምሮ ይሠራል፣ 17 ማይሉን በ85 ደቂቃ ይሻገራል። ጊዜም ገንዘብም ይጨምራል፣ ግን በኖቬምበር ጀልባው ራሱ ወፍ ማያ ነው። ጋኔት አንዳንዴ ከመርከቡ ጎን ይወረወራል፤ ከየብስ እንደዚያ ቀርቦ አይታይም። በአንዱ ሄዳችሁ በሌላው ተመለሱ። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ነፋስ ሲበረታ ጉዞ ሊሰረዝ ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሁላችንም ቀን የመምረጥ ዕድል የለንም፣ ይገባኛል። ኡበር የሚነዳው፣ ሆስፒታል ተረኛ የሆነችው፣ ያገኙትን ቅዳሜ ነው የሚይዙት። ነፋሱ እምቢ ካለ ሌላ አድርጉ። ኬፕ ሜይ ዋናው ባሕር ዳር ላይ ስኪመር የሚባሉ ወፎች በመጸው በመቶዎች አሸዋው ላይ ተኝተው ይውላሉ። የታችኛው መንቁራቸው ከላይኛው ይረዝማል፣ ውኃውን በሱ እየሰነጠቁ ነው ዓሣ የሚይዙት። እነሱ ነፋስ አይጠብቁም፤ ብቻ አትጠጉ፣ ካስነሳችኋቸው ለጉዞ ያጠራቀሙትን ጉልበት ነው የምታስወጧቸው። በ1859 የተሠራው ፋኖስ ማማ ላይ በ199 ደረጃ መውጣት ይቻላል፣ ጉልበት ላለው። ሰንሴት ቢች ላይ ደግሞ ከኮንክሪት የተሠራ መርከብ አለ፤ በ1926 መሬት ነክቶ እዚያው የቀረ፣ አሁን ትንሽ ቁራጩ ብቻ የሚታይ። ልጆች "ኮንክሪት እንዴት ይንሳፈፋል?" ይሏችኋል፣ ተዘጋጁ።

በየብስ የምትመለሱ ከሆነና ቀኑ ካልመሸ ዴላዌር ውስጥ ስሚርና አጠገብ ቦምቤይ ሁክ የሚባለው የዱር አራዊት መጠለያ ጎራ በሉ። ከመኪና ሳትወርዱ 12 ማይል ዙሪያ መንገድ ትነዳላችሁ። መጸው ሲገፋ የበረዶ ዝይ በሺዎች እዚያ ይሰፍራል፣ ንስር ሲመጣበት ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚነሳው። እዚያ መግቢያ ይከፈላል፣ ብዙ አይደለም። ቤንዚን ግን ከመግባታችሁ በፊት ስሚርና ላይ ሙሉ፣ ሽንት ቤትም ልጆቹን አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ዙሪያው ከተጀመረ በኋላ ረግረግና ወፍ እንጂ ሌላ የለም።